ጠየቋችሁ ወይስ ነገሯችሁ? የ1964ቱ ሴክተር ሪቪው ከወሎ ሲታይ

በ2010 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ደሴ እንደ ልማዷ ጭጋግ ለብሳለች። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። እኔ ከመምህራን የውይይት መድረክ እየተመለስኩ ነበር። የትምህርት ፍኖተ ካርታው ረቂቅ ቀርቦልን ለ3 ቀን ስንቀመጥ ሰነበትን። ጃንጥላዬን እያራገፍኩ ወደ ግቢ ስገባ ጎረቤቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

«ሰሞኑን የት ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ስብሰባ ላይ ነበርን ጋሼ። አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ሊወጣ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጠየቋችሁ ወይስ ነገሯችሁ?» አሉ።

መልስ አጣሁ። ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ ቆይቶ፣ ቡና ላይ ደጋግመን ካወራን በኋላ ነው። በልባቸው የነበረው ሴክተር ሪቪው ነው፤ በ1964 የአገሪቱን የትምህርት ሥርዓት ለመለወጥ የተካሄደው ጥናት። ያኔ እሳቸው ከመርሳ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወጣት መምህር ነበሩ።

ከኔ ዘመን መምህራን ሴክተር ሪቪው ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ነው። የሰማውም ቢሆን ስለ 1966ቱ አብዮት ሲወራ «መምህራንም አድማ መቱ» ተብሎ ሲታለፍ ነው። እኔ ግን አገር የትምህርት ፖሊሲዋን በጥናት ልለውጥ ብላ ስትነሳ ምን እንደሚገጥማት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አላገኘሁም። ወሎ ላይ ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

ጥናቱ እንዴት እንደተነሳ ላስቀድም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ዩኔስኮና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነበሩ የጠሩት። እዚያ ላይ ኢትዮጵያ ልጆቿን ትምህርት ቤት በማስገባት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ወደኋላ መቅረቷ በግልጽ ታየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተሠራ። የተሠራው ግን በአመዛኙ ከተማ ነው። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ዕድሜያቸው ከደረሰ 100 ልጆች መካከል አንደኛ ደረጃ የሚገቡት 20 አይሞሉም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት በየከተማው መታየት ጀመረ። በአንድ በኩል ፊደል ያልቆጠረ ገጠር፣ በሌላ በኩል ተምሮ የተቀመጠ ከተሜ።

በጥቅምት 1964 የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ይህን ሁሉ ከሥሩ የሚመረምር ጥናት አስጀመረ። ዋናው አጋሩ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ናቸው። ዓለም ባንክ፣ ዩኔስኮና ፎርድ ፋውንዴሽንም ገቡበት። 14 ግብረ ኃይሎች ተቋቋሙ። ከባለሙያዎቹ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሥራው በ1964 ክረምት አለቀ። ለአንድ አገር ሙሉ የትምህርት ሥርዓት 10 ወር ገደማ ማለት ነው። ፍጥነቱ ይገርማል። ያሳስባልም።

ምን አሉ? እዚህ ላይ ልዘገይ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ሰዎቹ የጻፉት በኋላ እንደተወራው የክፋት ሐሳብ አልነበረም።

የአገሪቱ ኪስ ያው አንድ ነው። በዚያ ገንዘብ ጥቂት ልጆችን ሩቅ ማድረስ ይቻላል። ወይም ብዙ ልጆችን አጠር ያለ መንገድ ማስኬድ ይቻላል። እስከዚያ ድረስ የተመረጠው የመጀመሪያው ነው። አጥኚዎቹ ይገልበጥ አሉ። ለሁሉም ልጅ የ4 ዓመት መነሻ ትምህርት ይሰጥ፤ በሚቀጥሉት 30 ዓመታት ገደማም ለመላው አገር ይዳረስ። ትምህርቱ ከእርሻው፣ ከጤናው፣ ከአካባቢው ኑሮ ጋር ይያያዝ። ዕድሜያቸው ገፍቶ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ለቀሩ ልጆች ደግሞ የ2 ዓመት አጠር ያለ መሠረታዊ ትምህርት ይኑር። ከዚያ በላይ ያለው ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ እንደ ልብ አይስፋ፤ በልክ ይያዝ።

እኔ የገጠር ትምህርት ቤት አውቃለሁ። ይህን ሳነብ ልቤ ወደ አጥኚዎቹ ነው ያደላው። አንድም ቀን ክፍል ያልገባን የገጠር ልጅ አስቦ ፖሊሲ የሚጽፍ ሰው ዛሬም ብዙ የለም። በተለይ ያቺ የ2 ዓመቷ ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። እመለስባታለሁ።

ሪፖርቱ አለቀ። ታትሞ ግን ሕዝብ እጅ አልገባም። ከአንድ ዓመት በላይ ቢሮ ውስጥ ቆየ።

በዚያው ዓመት ወሎ ላይ ምን እየሆነ እንደነበር ማንም የወሎ ሰው አይረሳውም። በልጉ ከዳ። ክረምቱም ከዳ። የኮረምና የቆቦ፣ የወልድያና የመርሳ መንገድ ዳር በረሃብተኛ ተሞላ። በሚያዝያ 1965 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን ወሎ ደርሰው ያዩትን ፎቶ አነሱ። ፎቶዎቹንም ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አሳዩ። ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሴክተር ሪቪው ሰነድ ዋና አጋርም፣ የወሎን ረሃብ በፎቶ ያጋለጠውም። መንግሥት ሁለቱንም ደብቆ ለማቆየት ሞከረ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን በፊልም ለዓለም ሲያሳይ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቆ ነበር።

ጋሼ ስለዚያ ዓመት ብዙ አይናገሩም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ያነሳሉ። የስም መጥሪያውን።

ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራሉ። መጀመሪያ ከዳር ከዳር አቤት የሚል ጠፋ። የቀሩትም አቤት የሚሉት በቀስታ ነው። አንድ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ ግድግዳው ሥር ነው የሚቀመጠው። ስሙ ሲጠራ እጁን ብቻ ያነሳል። ጋሼ ከቤታቸው ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው እያመጡ በዕረፍት ሰዓት ይሰጡታል። ልጁ ግማሹን ይበላና ግማሹን ኪሱ ይከታል። ለእህቱ ነው። አንድ ሰኞ እጁን የሚያነሳ ጠፋ። ማክሰኞም የለም።

ደንቡ ለብዙ ቀን የቀረን ተማሪ ሰርዝ ይላል። ጋሼ አልሰረዙም። «እኔ ልሰርዝና ቢመጣስ?» ይላሉ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስሙን ጠሩ። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ልጆችም ዝም ብለው ይሰሙ ነበር።

እንግዲህ ሴክተር ሪቪው መርሳ የደረሰው እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ነው። በ1966 ጥርና የካቲት ላይ ወሬው ከአዲስ አበባ ወጣ። ጋሼ የሰሙት ደመወዝ ሊቀበል ደሴ ሄዶ ከተመለሰ ባልደረባቸው ነው። ሰነዱን ያየ የለም። ስሙ እንኳ በአማርኛ አልነበረም። ሴክተር ሪቪው ነው የሚባለው። ገበያ ላይ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው የሚያወራው የተረዳውን ያህል ነው። የተረዳው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ይበቃዋል ተባለ።

ይህ አጥኚዎቹ ያሉት አልነበረም። ሰው የሰማው ግን ይህንን ነው። ከሰነዱም ጋር ጨርሶ የማይገናኝ አይደለም። ለሁሉም 4 ዓመት ካልክና በላዩ ያለውን በር ካጠበብክ፣ በሩ ላይ የሚቀረው የማን ልጅ ነው? የሀብታሙ አይደለም። ይህንን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

በዚያ ላይ የወሎን ወላጅ አስቡት። ወሎ ስለ ትምህርት አዲስ አልነበረም። ልጁን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር መስደድ የኖረበት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የእስልምና ትምህርት የሚሰጥባቸው ጃማ ንጉሥና ዳና፣ እነዚህ የዕውቀት ስሞች ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ የቆሎ ተማሪም የመስጊዱ ደረሳም ቀዬውን ጥሎ ዓመት ቆጥሮ ነው የሚማረው። በ4 ዓመት ተምሮ ቅኔ የተቀኘ፣ ኪታብ ያቀራ ሰው ወሎ አይቶ አያውቅም። እና ትምህርት ረጅም መንገድ መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል። ደሴ ላይ ደግሞ ወይዘሮ ስሂን አለ። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት። ከዚያ የወጣ የገበሬ ልጅ መምህር፣ ድሬሰር፣ ጸሐፊ ሲሆን ታይቷል። አንዱ ልጅ ደመወዝተኛ ሆኖ ቤተሰብ ሲያወጣ ታይቷል።

አሁን ለዚያ ወላጅ ልጅህ 4 ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ይመለስ በለው። የትኛው እርሻ? ያ ትናንት የከዳው? በሬው ያለቀበት? መሬቱስ የማን ነው? በጭሰኝነት ለሚያርስ ሰው ልጅን ወደ እርሻ መመለስ ማለት ወደ ሌላ ሰው ማሳ መመለስ ነው። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ልክ ነበር። እኔ እንደሚገባኝ ስህተቱ እዚህ ነው። ትምህርቱን ከእርሻው ጋር ሲያያይዙ እርሻው ራሱ ሰውን ማኖር እንዳቃተው አላዩም። ወሎን በዚያ ዓመት መጥቶ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ በ1 ቀን ይሰማው ነበር።

መምህራኑም የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። በአዲሱ አሠራር የአንደኛ ደረጃ መምህር ክፍያ ዝቅ እንደሚል፣ ክፍሉም ተማሪ እንደሚበዛበት ሰሙ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 የተቋቋመ ነው፤ ያኔ 25 ዓመት ሆኖታል። የትምህርት ሥርዓቱ ከላይ እስከ ታች ሲፈተሽ ማኅበሩን ከጉዳዩ ያስገባው አልነበረም። ሙያተኛውን ሳያማክሩ ሙያውን ማደራጀት ይቻላል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው። ይህንን የምለው መምህር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ሐኪም ሳይጠየቅ የሆስፒታል አሠራር ሲለወጥም ያው ነው የምለው።

የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ መናር አድማ መቱ። ተማሪው ወጣ። ወላጁም አብሮ ተቆጣ። በ5ኛው ቀን፣ የካቲት 16 ላይ፣ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፤ ሴክተር ሪቪውንም አቆየው። ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሰነዱን ያነሳው የለም።

ይህን ጉዳይ ሳጠና በጣም ያሳዘነኝ አንድ ነገር አለ። የወደቀው መጥፎው ሐሳብ ብቻ አልነበረም። ጥሩውም አብሮ ወደቀ። ለሁሉም ልጅ ይድረስ የሚለውም፣ ዕድሜው ላለፈ ልጅ የተለየ መንገድ ይኑር የሚለውም። ጥፋቱን ሁሉ አጥኚዎቹ ላይ መጣል ደግሞ ልክ አይመስለኝም። እነሱ ጽፈው አስረክበዋል። የደበቀው መንግሥት ነው። ሰነድ ሲደበቅ ወሬ ይጽፈዋል። ወሬ የጻፈውን ደግሞ በኋላ ማንም ማረም አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሳውን ሳይቀር ፊደል አስቆጠረ፤ ውሎ አድሮ 15 ቋንቋዎች አስተማረባቸው። ከ1975 እስከ 1978 ድረስ የአጠቃላይ ትምህርቱ ሥርዓት እንደገና በጥናት ተገመገመ። በ1986 አዲስ ፖሊሲ ወጣ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተናን ያመጣው እሱ ነው። በ1997 ገደማ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት፣ ክፍላችን ገባ። መብራት ሲጠፋ መምህሩም ተማሪውም ጥቁር መስታወት እያዩ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ የትምህርት ስትራቴጂ ማዕከል የመራው ፍኖተ ካርታ መጣ፤ በ2015 የጸደቀውም ፖሊሲ 6፣ 2፣ 4 የሚለውን አወቃቀር አመጣ፤ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው።

እንግዲህ የኔ የ2010 ስብሰባ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ለሐቁ ሲባል ከ1964ቱ ይሻላል። ቢያንስ ረቂቁን አይተነዋል። በየቡድን ተቀምጠን ተከራክረናል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ፈተና ይምጣ ሲባል አንዲት ባልደረባዬ ተነስታ «ልጁ ወድቆ ቤቱ ቢቀር ማን ይከተለዋል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሰብሳቢው ተቀብሎ ጻፈው። ወረቀቱ ተሰበሰበ። መልስ ግን ተመልሶ አልመጣልንም። ተቀባይነት አገኘ፣ አላገኘም የሚለን የለም። ጋሼ «ጠየቋችሁ ወይስ ነገሯችሁ?» ሲሉኝ መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው። ሁለቱንም አድርገውናል። ጠይቀውናል፤ ከዚያ ለተናገርነው መልስ ሳይሰጡን ነግረውናል።

ጥናት የሚያካሂዱ ተቋማት ይህንን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። የመምህርን ሐሳብ መሰብሰብ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ተመልሶ መጥቶ «ይህን ብላችሁ ነበር፤ ይህን ወሰድን፤ ይህን ያልወሰድነው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ነው። የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ደሴ፣ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ ድረስ መምጣትም ከባድ አይደለም። እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመምህራን ኮሌጆቻችን አሉ። ከወረዳ ወረዳ ያለውን ልዩነት ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን ሳይሆን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

አሁን ወደዚያች የ2 ዓመት ሐሳብ ልመለስ።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ገባ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው የወጣው። ዴስክ ተማግዶ፣ መዝገብ ተበትኖ ያገኘነው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ያንን ጠጋግነን ሳንጨርስ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ሌላ ግጭት መጣ። በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከትምህርት ውጭ ሆነ። ዛሬ ወሎ ገጠር ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ብርቅ አይደለም። እሱን ከ7 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አስቀምጠን እንደገና ሀ ሁ እንበለው? ወይስ ዕድሜውን አይተን ያልተማረውን አምስተኛ ክፍል እናስገባው?

ይህ እኮ በ1964 የታሰበበት ጥያቄ ነው። ዕድሜው ላለፈ ልጅ አጠር ያለ፣ የተለየ መንገድ። በሌላው የአገራችን ክፍልም ተሞክሮ ያየነው ነው። ከ2004 ገደማ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የተጀመረው ስፒድ ስኩል ከትምህርት ውጭ የነበሩ ልጆችን በ10 ወር የ3 ክፍል ትምህርት አስጨርሶ አራተኛ ክፍል ያስገባቸዋል። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ልጆቹን ለዓመታት ተከታትሎ አጥንቷቸዋል። ለፖሊሲ የሚሆን ጥናት ማለት ለኔ እንዲህ ያለው ነው። ልጁን እስከመጨረሻው የሚከተል።

ባለፈው ነሐሴ ለምዝገባ ቅስቀሳ ከከተማ ወጣ ብለን ሄድን። የደብተር ሉክ ይዘናል። ቤት ለቤት እየዞርን ስም፣ ዕድሜ፣ ያቋረጠበት ክፍል እያልን እንጽፋለን። አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ማሽላ እየሰፈረች አገኘናት። ልጇ ከኋላዋ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ከእሷ በቁመት በልጧል።

«ስንተኛ ክፍል ነበር?» አልኳት።

«ሁለተኛን ሊጨርስ ነበር። ያኔ ነው የተዘጋው።»

«አሁንስ ስንት ዓመቱ ነው?»

«የዚያ የጦርነቱ ጊዜ ስምንት ነበር። አንቺው ቁጠሪው።»

ቆጠርኩት። ጻፍኩት። ልጁ መሬት መሬት ያያል። እናትየው ሰፌዱን አስቀመጠችና ቀና አለች።

«ልጠይቅሽ እቴ። ከሕፃናቱ ጋር ልታስቀምጡት ነው?»

በዚያች የምዝገባ ሉክ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም። ገልብጬ በጀርባው ላይ የተናገረችውን እንዳለ ጻፍኩት። ስሟንም፣ የልጁንም ስም፣ ቀኑንም። በማግሥቱ ወረቀቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ልጁን በስሙ ጠሩት፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚጠሩት።